የኩሽና ሚዛን፦ ለዳቦ ገዝቻት ለሌላ ነገር ዋለች

ለቸኮለ ሰው ፍርዱን መጀመሪያ ልናገር፦ ግዙ። ጊዜ ያለው ግን አብሮኝ ይቆይ፣ ምክንያቱም ይህችን ሚዛን የገዛሁበት ጉዳይና ስምንት ወር ሙሉ ያገለገለችኝ ጉዳይ አይገናኙም።

ዕቃዋ ተራ ናት። ጠፍጣፋ፣ ፊቷ መስታወት፣ እስከ 5 ኪሎ የምትችል፣ ከ1 ግራም ጀምራ የምትቆጥር ዲጂታል ሚዛን። ስሟን አልጠራም፤ ይቺው ዕቃ በብዙ ስም ስለምትሸጥ ስሙ ለማንም አይጠቅምም። ሁለት ቁልፍ አላት። አንዱ ያበራታል፣ ሲደገም ደግሞ የተጫነባትን ሁሉ ረስታ ወደ ዜሮ ትመለሳለች። ሌላኛው መለኪያውን ከግራም ወደ አውንስ (አንዱ 28 ግራም ገደማ ነው) ይቀይራል። እሱን የነካሁት አንዴ በስህተት ነው። ዱቄት እየከመርኩ ቁጥሩ አልነሳ አለኝ፣ አንድ ኪሎ ሙሉ ጨርሼ ገና 35 ላይ ቆሟል። የነቃሁት ያኔ ነው።

ዳቦው ተስተካከለ፣ ይሄ አይገርምም። ኩባያ አታላይ ነው። ዱቄቱን በማንኪያ እያነሳ ኩባያው ላይ የሚያፈስ ሰው 120 ግራም ገደማ ያገኛል፤ ኩባያውን ራሱን ዱቄቱ ውስጥ ዘፍቆ የሚያወጣው ደግሞ 150 እና ከዚያ በላይ። ሬሲፒው ሦስት ኩባያ ካለ ልዩነቱ ወደ 100 ግራም ይጠጋል። ለስላሳ ሊጥ ድንጋይ እንዲሆን ይሄ ይበቃዋል። ኩባያው ራሱም በየአገሩ ይለያያል። የአሜሪካው 237 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፣ ሌላ ቦታ 250 ይሆናል፣ የጃፓኑ 200 ነው። የሾርባ ማንኪያ በብዙ ቦታ 15 ሚሊ ሊትር ሆኖ ሳለ የአውስትራሊያው 20 ነው። እኔ ሬሲፒዎቹን ከየኢንተርኔቱ እየለቀምኩ፣ ሁሉንም በአንድ የቤት ኩባያ ስሰፍር ኖሬ፣ ሲበላሽ "እኔ እኮ እጅ የለኝም" እል ነበር።

እጅ የሚለውን ቃል ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ከሚዛኗ በፊት የማበስላቸው ምግቦች ስድስት ወይም ሰባት ነበሩ፣ እነሱው ይመላለሳሉ። አዲስ ነገር የማልሞክረው ሰንፌ አልነበረም። አንድ ጊዜ የምስር ሾርባ ሠርቼ ቀረፋ ልሞክር ብዬ ከጠርሙሱ በቀጥታ ድስቱ ላይ ነሰነስኩ። እንፋሎቱ የጠርሙሱን አፍ አርጥቦት ነው መሰለኝ መጀመሪያ እምቢ አለ፣ ቂጡን መታ ሳደርገው ዱብ አለ። ሽቶ የምንጠጣ መሰለን። ቤት ያሉት ሁለት ሁለት ማንኪያ ቀምሰው ዳቦ ፈለጉ፣ እኔ ብቻዬን በእልህ ሦስት ቀን በላሁት። ከዚያ "ቀረፋ ከምስር ጋር አይሄድም" ብዬ ደመደምኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደግሜ አልነካሁትም።

ድምዳሜው ስህተት ነበር። ቀረፋ ከምስር ጋር ይሄዳል፣ ያልሄደው ብዛቱ ነው። ግን ስንት እንዳፈሰስኩ ሳላውቅ ይህን እንዴት ልወቅ? እንደኔ ግምት ብዙ ሰው አዲስ ጣዕም የሚፈራው እዚህ ጋ ነው። ሲበላሽ ምን እንዳበላሸው አይታወቅም። ሲጣፍጥም ምን እንዳጣፈጠው አይታወቅም፤ ባለፈው ሳምንት ጣት ያስቆረጠመው ዛሬ አይደገምም፣ ስለዚህ ከጥፋቱም ከልማቱም የሚቀር ነገር የለም፣ ሁልጊዜ ከዜሮ መጀመር ነው። "ዝም ብላችሁ ሞክሩ፣ አትፍሩ" የሚሉ ሰዎች ይገርሙኛል። ፍርሃቱ እኮ ምክንያት አለው፣ የሚደፋው አንድ ድስት ምግብ ነው።

ሚዛኗ የለወጠችው ይህን ነው። አሁን ሾርባውን በጨውና በሽንኩርት ብቻ አበስላለሁ። ከዚያ አራት ጎድጓዳ ሳህን አሰልፌ በየአንዳንዱ 200 ግራም እቀዳለሁ። አንዱ እንዳለ ይቀመጣል፣ እሱ ዳኛ ነው። ሦስቱ ላይ እጫወታለሁ። ቢበላሽ የሚበላሸው አንድ ሳህን ነው፣ ድስቱ በሰላም ምድጃው ላይ ተቀምጧል።

የጀመርኩት በሎሚ ነው። 2 ግራም፣ 4 ግራም፣ 8 ግራም። 2 ግራሙ ከዳኛው ብዙም አልተለየም። 8 ግራሙ ሎሚ ጭማቂ ውስጥ ምስር የተነከረ ይመስላል። 4 ግራሙን ምን እንዳለበት ሳልናገር ለቤት ሰው ሰጠሁ። ማንም ሎሚ አላለም፣ "ዛሬስ ምን ገባበት?" አሉና ሳህኑ ተጠረገ። ደብተር አወጣሁና ጻፍኩ፦ ምስር 200፣ ሎሚ 4። ድስቱ ውስጥ የቀረው 1,400 ግራም ነበር፣ 28 ግራም ጨመቅኩበት። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ድስት ላይ አዲስ ነገር ስጨምር ምን እንደሚመጣ ቀድሜ ያወቅኩት የዚያን ቀን ነው።

ቅመም ላይ ስደርስ ግን ሚዛኗ አቅም አነሳት። ለ200 ግራም ሾርባ የሚበቃው ቀረፋ ከግማሽ ግራም በታች ነው፣ እሷ ደግሞ ከ1 ግራም በታች ያለውን አታይም። ሌላ ሚዛን ከመግዛቴ በፊት ያገኘሁት ዘዴ ይህ ነው፦ 5 ግራም የተፈጨ ቅመም በ45 ግራም ዘይት ሞቅ አድርጌ እበጠብጣለሁ፣ እንዳይግል፣ የተፈጨ ቅመም ቶሎ ነው የሚያርረው። አሁን ከዚህ ዘይት 10 ግራም ውስጥ 1 ግራም ቅመም አለ። 2 ግራም ዘይት ከጨመርኩ 0.2 ግራም ቅመም ገባ ማለት ነው። ቅመሙ ወደ ታች ስለሚዘቅጥ በጨለፋችሁ ቁጥር አማስሉ፣ እኔ ይህን ረስቼ የመጨረሻው ሳህን ላይ ጭቃውን ሁሉ ገልብጫለሁ። ዘዴው ሌላም ጥቅም አለው። የብዙ ቅመሞች መዓዛ ከውሃ ይልቅ ስብ ውስጥ ነው የሚሟሟው፣ ስለዚህ መረቁ ላይ በደረቁ ከተነሰነሰው በዘይት የመጣው ይበልጥ ይሰማል።

የቀረፋውን ክርክር የዘጋሁት በዚህ ነው። 0.2፣ 0.4፣ 0.8። የመጨረሻው ያንኑ የሽቶ ሾርባ መልሶ አመጣልኝ። 0.2 ግን፣ ትንሽ ከሙን ታክሎበት፣ ኧረ ተዉኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀረፋን በሐሰት ከስሼ ኖሬያለሁ።

መንገዴን ልሳትና አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ሚዛን አይፈልግም። ጣታችሁን አርጥቡና ቀረፋ አስነክታችሁ፣ አፍንጫችሁን ጥርቅም አድርጋችሁ ይዛችሁ ላሱት። እንጨት ነው። አፍንጫውን ስትለቁት ቀረፋው ከየት መጣ ሳይባል አፍ ይሞላል። ምላስ የሚያውቀው ጨውን፣ ጣፋጩን፣ ኮምጣጣውን፣ መራራውንና የሥጋ መረቅ ዓይነቱን ጥፍጥና ነው፣ የቀረው ሥራ የአፍንጫ ነው። (አምስተኛውን ጣዕም ጃፓናዊው ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳ እ.ኤ.አ. በ1908 ኡማሚ አለው።) ይህን ካወቅኩ ወዲህ ሁለት ቅመም ላጣምር ስፈልግ ሁለቱን ጠርሙስ ከፍቼ አንድ ላይ አሸታለሁ። አፍንጫዬ ካልወደደው ሳህን አላባክንም።

ጨው ላይ ደግሞ ትንሽ ልቆይ። ሬሲፒ "1 የሾርባ ማንኪያ ጨው" ሲል የትኛውን ጨው ነው? ደቃቁ የገበታ ጨው በዚያ ማንኪያ 18 ግራም ገደማ ይመዝናል። ቅርፊት ቅርፊት የሚመስለው ቀላል ጨው ግን በዚያው ማንኪያ ከ10 ግራም ብዙም አያልፍም። ማንኪያው አንድ፣ ጨውነቱ ወደ እጥፍ። በግራም ከሆነ ጨው ጨው ነው። ለሾርባና ለመረቅ ከክብደቱ 1 ከመቶ አካባቢ ለብዙ ምላስ ይስማማል፣ እኔ በ0.8 ጀምሬ መጨረሻ ላይ እየቀመስኩ እጨምራለሁ። ሌላው ስለ ጨው የገረመኝ ነገር መራራነት ላይ የሚሠራው ነው። ስጎ ሲመረኝ ስኳር ስጨምርበት ነበር የኖርኩት። ጨው መራራነትን አፍኖ ሌላውን ጣዕም እንደሚያወጣ እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣ ጥናት ታይቷል፣ እኔም በሳህኖቼ ፈተንኩት። ነጭ ሽንኩርቱ ትንሽ ያረረበት የቲማቲም ስጎ ነበረኝ። ስኳር የገባበት ጣፋጭም መራራም ሆነ። ጨው የገባበት ሳህን ላይ ግን ምሬቱ ወደ ኋላ ሸሸ፣ ቲማቲሙ ወጣ። አልጠፋም፣ ሸሸ።

እዚሁ ጨው ላይ ደግሞ የሠራሁት ጥፋት አለ፣ እንዳትደግሙት። በአንድ ሳህን የተሳካልኝን ስጎ ለአንድ ኪሎ አበዛሁት፣ 10 ግራም ጨው አስቀድሜ ጨመርኩ፣ ከዚያ ይወፍርልኝ ብዬ አንድ ሰዓት አንፈቀፈቅኩት። ውሃው ይተናል፣ ጨው ግን አይተንም። ሲወርድ 700 ግራም ሆኖ ነበር፣ ጨውነቱ ከ1 ከመቶ ተነስቶ 1.4 ደርሷል። አፍ አያስነካም። ያው ቁጥሩ ትክክል ነበር፣ ጊዜው ነው የተሳሳተው። አሁን ባዶ ድስቶቼ ስንት እንደሚመዝኑ ደብተሩ ሽፋን ላይ ጽፌአለሁ፣ ስጎው ሲያልቅ ከነድስቱ መዝኜ ስንት እንደቀረ ካወቅኩ በኋላ ነው ጨው የማነሳው። መዓዛም እንደዚሁ ነው። ሳህን ላይ በመጨረሻ የገባ ቅመምና አንድ ሰዓት ድስት ውስጥ የቆየ ቅመም አንድ አይደሉም፣ የቆየው ይደክማል።

ወደ እጅ እንመለስ። ጎበዝ ባለሙያን "እጇ ይጣፍጣል" እንላለን፣ ጣዕሙ ጣቷ ላይ የተቀባ ይመስል። እኔም ልጅ ሆኜ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። ሚዛኗን እማዬ ስታያት "ሚዛን ሊያበስል ነው?" ብላ ሳቀች። እሷ በሕይወቷ ምንም ለክታ አታውቅም። እስቲ አንድ ቆንጠር ጨው እዚህ ላይ አድርጊልኝ አልኳት። በዚያን ጊዜ በ0.1 ግራም የምትቆጥረውን ትንሿን ሚዛን ገዝቼ ነበር። 3.1 አለ። ድገሚው። 3.0። ሌላ ጊዜ፣ ወሬ እያወራች፣ ወደ መስኮቱ እያየች። 3.2። የእኔን ስለካው 1.8፣ 3.9፣ 2.6። ቁጭ አልኩ። እማዬ ለካ ሚዛን አላት፣ ጣቶቿ መካከል ነው የተገጠመላት፣ እስኪስተካከል ሠላሳ ዓመት ፈጅቷል። አለመለካትና በግምት መሥራት አንድ ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ እኔ እገምት ነበር፣ እሷ ግን ትለካ ነበር።

እሷ ስታየኝ ቆይታ ያለችኝ ደግሞ "እኔም መጀመሪያ አበላሽ ነበር፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ አባትሽ ነው ዝም ብሎ ሲበላ የነበረው።" ይህን ከዚህ በፊት ነግራኝ አታውቅም።

በነገራችን ላይ በኩባያ ብዙ ቀለድኩ እንጂ ኩባያም በጊዜው ውለታ ውሏል። የድሮ ሬሲፒዎች "የእንቁላል ያህል ቅቤ" እያሉ ነበር የሚጽፉት። አሜሪካዊቷ ፋኒ ፋርመር እ.ኤ.አ. በ1896 ባሳተመችው የምግብ ሥራ መጽሐፍ ኩባያውም ማንኪያውም ከአፉ ተስተካክሎ ይለካ እያለች አስተማረች። እናቷ አጠገብ ቆማ ያልተማረች ሴትም እንድታበስል መንገድ ከፈተች። ግራም ያንኑ መንገድ ትንሽ ቀና አድርጎታል፣ ሌላ ተአምር የለውም።

አሁን የሚዛኗን ጉድ ላውራ፣ ሙገሳ ብቻ ከሆነ ተከፍሎኝ የጻፍኩ ይመስላል።

ስክሪኗ ከፊት ለፊት ጠርዟ ላይ ነው። ሰፊ ሳህን ከተቀመጠባት ቁጥሩ ይሸፈናል፣ እንደ መካኒክ ጎንበስ ብሎ ከሥር ማየት ነው። መፍትሄዬ አንድ ጠባብ ስኒ ገልብጬ ሳህኑን እሱ ላይ ማስቀመጥ ነው፣ ግን አንድ ቀን ተንሸራቶ ሊጡ መሬት ወርዷል። ብትገዙ ስክሪኑ ወጣ ብሎ የሚሳብ ዓይነት ፈልጉ።

ሁለት ደቂቃ ካልተነካች ትተኛለች። ሽንኩርት ከትፌ ስመለስ የለችም፣ ቁጥሩም የለም። ይህ ባትሪ ለመቆጠብ ነው አሉ። እኔን ግን አንድ ሙሉ የኬክ ሊጥ አስደግሞኛል፣ ስኳሩን ጨምሬው ይሁን አልጨመርኩት ማስታወስ አቃተኝ።

ትንሽ በትንሽ የሚነሰነሰውን አትቆጥርም፣ ይሄ ብዙ ሰው አያውቀውም። እንዲህ ዓይነት ሚዛኖች ራሳቸውን ዜሮ ላይ ለማቆየት በጣም አዝጋሚ ለውጥን እንደ ስህተት ቆጥረው ያጠፉታል። ጨው እየነሰነሳችሁ ዜሮ ላይ ከቆመች ተበላሽታ አይደለም። መፍትሄው የጨውን ጠርሙስ ሚዛኑ ላይ አድርጎ ዜሮ ማለትና ከጠርሙሱ መውሰድ ነው። ከዜሮ በታች ትጽፋለች፦ -6 ካለች 6 ግራም ወጥቷል። ለማር ደግሞ ይህ ዘዴ ወርቅ ነው፣ ማንኪያው ላይ የቀረውን እየጠረጉ መጨቃጨቅ የለም።

ትኩስ ድስት አታስቀምጡባት። ውስጧ ያለው ክብደት ሲያርፍበት በጥቂቱ የሚጎብጥ የብረት ዘንግ ነው። እሱ ላይ የተለጠፈ ስስ ሽቦ ዘንጉ ሲጎብጥ ይለጠጥና የኤሌክትሪክ ፍሰቱ ይቀየራል፣ ሚዛኗ ያንን ነው ወደ ግራም የምትተረጉመው። ሙቀት ዘንጉንም ሽቦውንም ያታልላል፣ ቁጥሩ ዓይናችሁ እያየ ይንሸራተታል። ስለዚህ ቅድም ስለ ድስት ያልኩት ከእሳት ወርዶ ትንሽ በረድ ያለውን ነው፣ ከሥሩም እንጨት አደርጋለሁ። ከባድ ነገርም እላይዋ አታከማቹ። እኔ የዱቄቱን ማስቀመጫ አንድ ሳምንት እሷ ላይ ትቼው ከዚያ በኋላ 4 ግራም አሳስታ አገኘኋት። እንዴት አወቅኩ? ቤት ያለ አንድ የብረት ማንኪያ አለ፣ በተገዛች ቀን 47 ግራም መዝናዋለች፣ ጀርባዋ ላይ በእስክሪብቶ ጽፌዋለሁ። በወር አንዴ ማንኪያውን አስቀምጥባታለሁ።

የማትሠራውንም ልበል። ቅመሙ የስንት ጊዜ እንደሆነ አታውቅም። ተፈጭቶ ዓመት የከረመ ከሙን 2 ግራምና ትናንት የተፈጨ 2 ግራም ሚዛን ላይ እኩል ናቸው፣ አፍ ውስጥ አይተዋወቁም። ቃሪያም አንዱ ያቃጥላል አንዱ ሣር ነው፣ ሎሚም እንደዚያው። ስለዚህ ደብተሬ ላይ ያለው ቁጥር የምጀምርበት ነው፣ የሚጨርሰው ምላስ ነው። ዶሮ መብሰሉንም አትነግራችሁም። ለእሱ ቴርሞሜትር ይግዙ፣ ወፍራሙ ቦታ ላይ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይወርዳል። እሱንም ከገዛሁ ወዲህ ዶሮ ከፍርሃት የተነሳ አላደርቅም፣ ግን የሌላ ቀን ወሬ ነው።

ለማን ትሆናለች? እጇ ለተስተካከለላት እንደ እማዬ ላለች ሴት ጌጥ ናት። ምድጃ አጠገብ ቆሞ መፈልሰፍ ለሚወድና ነገ መድገም ለማይፈልግ ሰውም አትሆንም፣ ያሰለቸዋል። ሬሲፒ ከፍቶ "ይሄ ቅመም የለኝም፣ ተዉት" የሚል፣ እንግዳ ሲመጣ ሁልጊዜ ያችኑ አንድ ምግብ የሚያቀርብ ሰው ግን፣ እንደ እኔ ማለት ነው፣ ትልቋን ይግዛ። ወር ቆይቶ ትንሿን ይጨምር፣ እስከ 500 ግራም የምትችል በ0.1 የምትቆጥረውን። ሁለቱን አንድ ቀን አትግዙ። የዘይቱ ዘዴ እስኪሰለቻችሁ ጠብቁ።

ደብተሬ 61 ገጽ ደርሷል። ከግማሽ በላዩ "አይደገምም" የሚል ነው። ትናንት ማታ የባቄላ ስጎ ላይ ስኳር የሌለበት ኮኮዋ ሞከርኩ፣ በ200 ግራም፦ 0.5 አይታወቅም፣ 1 ስጎው ወፈር ያለ ጣዕም አመጣ፣ 2 አይደገምም። ነገ 1 ግራሙን ከትንሽ አቼቶ ጋር እሞክራለሁ።

ከ5 ኮከብ 4። አንዱ የተቀነሰው በስክሪኑ ነው።